የትርንጎ ፈቃድ

ሸዋ ሮቢት ላይ ፍቅር የያዘውንና ወባ የያዘውን ሰው መለየት ይቸግራል። ሁለቱም ያልባቸዋል፣ ሁለቱም ይንዘፈዘፋሉ፣ ሁለቱም የቀረበላቸውን ምግብ ገፋ አድርገው ግድግዳ ያያሉ። ስለዚህ ዙልፋ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት የትርንጎን ግንባር በመዳፏ ዳሰስ አድርጋ «ሂጂና ተመርመሪ» ብትላት አይፈረድባትም።

«ወባ አይደለም» አለች ትርንጎ፣ ትከሻዋ ላይ የተኛውን ሕፃን ጀርባ መታ መታ እያደረገች።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«በላይ ነዋ!»

«እሱስ ክኒን የለውም፣ ወላሂ!» አለችና ዙልፋ ጡጦ ወደ ማጠቧ ተመለሰች።

ትርንጎ የጋሽ ገብረሚካኤል አንድያ ልጅ ናት። አዲስ አበባ በአንድ የሕፃናት ማቆያ ለዓመታት ሠርታ ወደ አገሯ ስትመለስ፣ በአባቷ ግቢ የራሷን ማቆያ ከፈተች። የሆቴል አስተናጋጆች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ሽንኩርትና ማንጎ የሚነግዱ እናቶች ጠዋት ልጆቻቸውን ለእሷና አብራት ለምትሠራው ለዙልፋ አስረክበው ይሄዳሉ። ችግሩ ቤቱ እስካሁን የሚሠራው በጊዜያዊ ፈቃድ መሆኑ ነው። ጊዜያዊው ሊያልቅ ደርሷል፤ ዋናው ካልመጣ ማቆያው ይዘጋል። አባቷም ቤቱን ለመለዋወጫ ነጋዴ እንደሚያከራዩ ቁርጡን ነግረዋታል።

ጋሽ ገብረሚካኤል ዕድሜያቸውን በሙሉ በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ መኪናው ተሸጠ፤ ልባቸው ግን አልተሸጠም። ልጃቸው ማቆያ ስትከፍት ሕፃናቱ በረንዳው ላይ እንዳይወድቁ መከለያ የሠሩላት ከአሮጌ የመኪና ስፖንዳ ነው። ግድግዳው ላይ ደግሞ የመኪናቸውን እሳት ማጥፊያ ሰቀሉ። ቀይ የነበረው ቀለሙ በፀሐይ ብዛት ወደ ሮዝ ተለውጧል።

በላይ ወደዚህ ግቢ የመጣው ለፍተሻ ነበር። የሕፃናት ማቆያዎችን የሚቆጣጠር የመንግሥት ሠራተኛ፣ የቀወት ወረዳ ገበሬ ልጅ፣ በዚያ ሙቀት የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ የማይፈታ ሰው ነው። ቼክሊስቱን አውጥቶ አልጋውን ለካ፣ መስኮቱን ለካ፣ ከዚያ ሳይታሰብ ጫማውን አወለቀና በእጁና በጉልበቱ መሬት ላይ ወረደ።

«ምነው? ምን ነካህ?» አለች ትርንጎ ደንግጣ።

«ሕፃን የሚያየውን ለማየት በሕፃን ቁመት መሆን ያስፈልጋል» አለና እየዳኸ አልጋ ሥር ገባ። ገና መዳህ የጀመረች አንዲት ሕፃን ጓደኛ ያገኘች መስሏት ተከተለችው። ሲወጣ በአንድ እጁ አንድ ቁልፍና ጥቂት የማሾ ፍሬ፣ በሌላው ትርንጎ ስትፈልገው የከረመችውን የጆሮ ጌጥ ይዟል፤ ፀጉሩ ላይ የሸረሪት ድር አለ። ትርንጎ ሳቋ አመለጣት። እሱ ከመሬት ቀና ብሎ አያት። እሷም አየችው። በዚያች ቅጽበት ሁለቱም ጉድለት ላይ ነበሩ፣ ቼክሊስቱ ግን ለእንዲህ ያለው ቦታ አልነበረውም።

እሳት ማጥፊያው ጋ ሲደርስ ግን «ጉድለት፦ ጊዜው ያለፈበት» ብሎ ጻፈ። ጋሽ ገብረሚካኤል ቱግ አሉ።

«ይኼ እሳት ማጥፊያ የጣርማ በርን ዳገት ስንቴ ወጥቶ እንደወረደ ታውቃለህ? ያንተን ዕድሜ ያህል ያገለገለ ነው!»

«ችግሩ እሱ ነው ጋሼ» አለ በላይ በትሕትና።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ገብረሚካኤል በስሙ ጠርተውት አያውቁም። «ያ ጉድለት» ነው የሚሉት። ጉድለት ግን መምጣቱን አላቆመም። የመስኮቱን ለማየት ይመጣል፣ የውሃውን ለማየት ይመጣል፣ ከዚያ የሚያየው ሲያልቅ ያየውን ደግሞ ለማየት ይመጣል። ስሙም «ክትትል» ነው። የከተማው የባጃጅ ሾፌሮች ሲገባ መንገዱን መጠየቅ ትተው «ወደ ክትትል?» ብለው ሞተር ማስነሳት ጀመሩ። ትርንጎ የክትትሉን ቀን ታውቀዋለች፤ በዚያ ቀን ሻሿ አዲስ ነው።

በላይ ፍቅሩን የሚገልጽበት ቋንቋ ሌላ ጉድ ነው። ቢሮ ያሳደገው ሰው ስለሆነ በስልክ የሚልክላት መልእክት ሁሉ «ጉዳዩ፦» ብሎ ይጀምራል። «ጉዳዩ፦ ስለ ናፍቆት» ብሎ የጻፈላት ጊዜ ዙልፋ መሬት ላይ ተንከባልላ ስቃለች። ትርንጎም ስቃለች፣ ግን መልእክቱን ደብቃ ደጋግማ አንብባዋለች።

ከሦስት ሳምንት በፊት የመጣው ግን የሚያስቅ አልነበረም። «ጉዳዩ፦ ጉዳይሽን ስለማስተላለፍ። ከዛሬ ጀምሮ ጉዳይሽን ለሌላ ሰው አስተላልፌአለሁ። እኔ ወደ ግቢው አልመጣም። በዚሁ መልካም ይሆናል።»

ትርንጎ አንብባ ፊቷ ተቀያየረ። «ለማን ነው ያስተላለፈኝ? እኔ ኩንታል ሽንኩርት ነኝ?» አለች።

«ደውለሽ ጠይቂዋ!»

«አልጠይቅም። የተላለፈ ሰው አይጠይቅም» አለችና እንዳይደውልላት ቁጥሩን ዘጋችው። እሱ አልመጣም፤ እሷም አልጠየቀችም። አዲሱ ሻሽ ሳጥን ገባ። ሌት ተቀን የምታስበው ግን እሱን ነው፣ እልኋ ደግሞ እሷ ያሰበችውን ያህል አልጸናላትም።

በዚያ ቅዳሜ፣ እሷና ዙልፋ ስለ ክኒን ሲነጋገሩ፣ አባቷ ጋቢ ለብሰው ከቤት ብቅ አሉ። ጋቢ! ሸዋ ሮቢት ላይ! ላቡ ከግንባራቸው ይንቆረቆራል።

«አባዬ፣ ለቅሶ አለ እንዴ?»

«ልጆችሽን ጠብቂ» አሉና በረንዳው ላይ ወንበር ስበው እንደ ዳኛ ተቀመጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት አንድ የባጃጅ ሾፌር «ጋሼ፣ በላይ ነገ እርስዎ ቤት ሰዎች ሊልክ ነው» ብሏቸዋል። እንግዲህ ሴት ልጅ ያለችው አባት ቤት «ሰው ተላከ» ሲባል ሌላ ትርጉም አለው? ሽማግሌ ነው። ጋሽ ገብረሚካኤል ሌሊቱን ሙሉ እምቢታቸውን ሲያሳምሩ አደሩ። ለልጃቸው ግን ትንፍሽ አላሉም።

«ቤቶች! እንደምን አደራችሁ?» የሚል ድምፅ ከበሩ ተሰማ።

ሦስት ወንዶች ናቸው። ከፊት ጢማቸው የሸበተው፣ ጥላ የያዙት አቶ ሷሊሕ፣ ጡረታቸው የተቃረበ የጤና ባለሙያ ናቸው። ከኋላቸው አንድ ወፍራም የግንባታ ባለሙያና አንድ ቀጭን የእሳት አደጋ ባለሙያ አሉ። ትርንጎ አቶ ሷሊሕን ከጤና ጽሕፈት ቤት ታውቃቸዋለች።

«ዙልፋ፣ የፈቃድ ኮሚቴው መጣልን!» አለችና ሁለቱም ክፍሉን ለማስተካከል ወደ ውስጥ ሮጡ። መስኮቱ ወደ በረንዳው ክፍት ስለሆነ የውጭው ንግግር አንድም ሳይቀር ይሰማል።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ ጋሽ ገብረሚካኤል።

«አንቀመጥም። መጀመሪያ የመጣንበት ጉዳይ ይለቅ» አሉ አቶ ሷሊሕ።

ጋሽ ገብረሚካኤል ደስ አላቸው። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ ወጉ ነው። «ውሃ እንኳ ቅመሱ።»

«ውሃም አይፈቀድልንም።»

«ያ ጉድለት ከየት አገኛቸው እነዚህን ወግ አዋቂዎች!» አሉ ጋሽ ገብረሚካኤል በሆዳቸው።

«የመጣነው ለፈቃድ ነው» አሉ አቶ ሷሊሕ። «አቶ በላይ ጉዳዩን እኔ ራሴ ልይዘው አይገባም ስላለ እኛ ተላክን።»

«እንዴት ራሱ ይይዘዋል? እዚህ ላይስ አልተሳሳተም።»

«እንግዲህ እንጀምር። ስንት ልጆች አሉ?»

«አንዲት ናት።»

አቶ ሷሊሕ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ወረቀታቸውን አዩ። «እኛ ዘንድ አሥራ ስምንት ተብሏል።»

«አሥራ ስምንት?!» ጋሽ ገብረሚካኤል ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ማነው እንዲህ ብሎ ያስወራብኝ? አንዲት ናት፤ እሷንም በስለት ነው ያገኘናት!»

«ይሁን፣ እናየዋለን። ዕድሜዋስ?»

«ሃያ ዘጠኝ።»

«ወር?»

«ዓመት እንጂ!»

ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ። አቶ ሷሊሕ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጋሽ ገብረሚካኤል፣ በመመሪያው ከሦስት ዓመት በላይ አይፈቀድም። በዚህ ዕድሜ ማቆያ ውስጥ ልትቆይ አትችልም።»

«ቆማ ቀረች ነው የምትሉኝ? ደጄ ድረስ መጥታችሁ ልጄን ቆሞ ቀር ልትሏት?»

«ቀን ትተኛለች?» ብሎ ቀጭኑ ጣልቃ ገባ፣ ነገሩን ለማብረድ መስሎት።

«ልጄ? ጎህ ሲቀድ የተነሳች እስኪመሽ ዓይኗን አትከድንም!»

«እንዲያ ከሆነ ጉድለት ነው» አለና ጻፈ። «ከምሳ በኋላ መተኛት ነበረባት። ክትባቷንስ ጨርሳለች?»

ውስጥ ዙልፋ ሻሿን ነክሳ ሳቋን ታፍናለች። ትርንጎ ግን መጀመሪያ ግራ ገባት፣ ከዚያ የአባቷ ጋቢ ትዝ አላትና ነገሩ ሁሉ ገባት። ልትስቅ ስትል ቀጥሎ የሰማችው ድርቅ አደረጋት።

«በቃኝ!» አሉ አባቷ። «ስሙኝ። ልጄን ለዚያ ሰው አልሰጥም! ከጉድለት በቀር ምንም የማይታየው ሰው ነው። የወደደ ሰው አንዳንዱን አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ እሱ ግን የአባቷን እሳት ማጥፊያ አላልፍ አለ! ሄዳችሁ ንገሩት። ፈቃድ የለም!»

አቶ ሷሊሕ እስክሪብቷቸውን አወጡ። «ስለዚህ የግቢው ባለቤት ፈቃደኛ አይደሉም ብለን እንጻፍ?»

«ጻፉ! በትልቁ ጻፉ!»

ትርንጎ በመስኮቱ እስክሪብቶው ወደ ወረቀቱ ሲወርድ አየች። ያ መስመር ከተጻፈ የእነዚያ ሁሉ እናቶች ልጆች ሰኞ ጠዋት የሚገቡበት ደጅ የለም። ሕፃኑን እንዳቀፈች በረንዳው ላይ ወጣች።

«አይጻፉ! በፈጣሪ ይሁንብዎ አይጻፉ! አባዬ፣ እነዚህ ሽማግሌዎች አይደሉም!»

«ኧረ ሽማግሌስ ነኝ ልጄ» አሉ አቶ ሷሊሕ፣ ጢማቸውን እየዳሰሱ።

«ማለቴ፣ ማቆያውን ሊፈትሹ የመጡ ናቸው! ልጆቹ እኮ እነዚህ ናቸው፣ አሥራ ስምንቱ!»

ጋሽ ገብረሚካኤል ኮሚቴውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ጋቢያቸውን አዩ። «በላይ ሰው ይልካል ሲሉኝ ለአንቺ መስሎኝ...»

«ለእኔማ ማን ይልካል!» አለች ትርንጎ። ሦስት ሳምንት የታመቀው ሁሉ ገነፈለ። «እኔንማ ለሌላ ሰው አስተላልፎኛል!»

«ለማን?» አሉ አቶ ሷሊሕ።

«እኔ ምን አውቃለሁ! ጉዳይሽን ለሌላ ሰው አስተላልፌአለሁ ብሎ ጻፈልኝ።»

የአቶ ሷሊሕ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም። «ላኢላሀ ኢለላህ! ልጄ፣ ያስተላለፈው ሌላ ሰው እኮ እኔ ነኝ። ፋይልሽን ነው ያስተላለፈው።»

«ፋይሌን?»

«ፋይልሽን። ስብሰባ ላይ ነበርን። በመሀል ብድግ አለና፣ አንገቱ ላይ ያለች ቁልፍ እስክትበጠስ ላብ በላብ ሆኖ፣ ይህን ቤት እኔ ልፈትሽ አይገባኝም አለ። ለምን ሲሉት፣ የማቆያውን ባለቤት እወዳታለሁ፣ ላገባትም እፈልጋለሁ፤ እኔ ብፈርምላት ሰው ፍቅር ነው የፈረመላት ይላታል፣ ድካሟን ያረክስባታል። ደግሞም ፍቅር ዓይን ይጋርዳል፤ ሕፃናት የሚተኙበት ቤት ዓይኑ የተጋረደ ሰው አይፈትሸውም አለ። ፈቃዱ እስኪወሰን እግሬ ግቢዋን አይረግጥም ብሎ በሁላችን ፊት ማለ። የስብሰባው ጸሐፊ እንኳ አለቀሰች።»

ትርንጎ የበረንዳውን መከለያ ያዘች። ሦስት ሳምንት ሙሉ የረገመችው ሰው ለእሷ ክብር ሲል በሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ ኖሯል። መጠየቅ ብቻ ነበር የሚጠበቅባት፣ አልጠየቀችም። አፈረች። ከሀፍረቷ ሥር ደግሞ ደስታዋ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣ ነበር።

ጋሽ ገብረሚካኤል ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «ለማንኛውም» አሉ፣ «ያ ሰው በእሳት ማጥፊያዬ ላይ ዋሽቷል። አሁን እዚሁ አሳያችኋለሁ።» ሮዙን እሳት ማጥፊያ ከግድግዳው አወረዱ፣ መሐል ግቢ ይዘውት ወረዱ፣ ፒኑን ነቅለው ኮሚቴው ላይ እንዳይረጭ ወደ አጥሩ አዞሩና በሙሉ ኃይላቸው ተጫኑ።

«ፍስስ» አለ። ከአፉ ጥቂት አቧራ ወጣ። ቀጥሎ አንዲት በረሮ ወጣች፣ ግራና ቀኝ አየችና ሄደች።

ማንም አልሳቀም፤ ዙልፋ እንኳ። ጋሽ ገብረሚካኤል በእጃቸው የያዙትን አዩ፣ ከዚያ በክፍቱ በር ተደርድረው የተኙትን ሕፃናት አዩ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ሲለወጥ ትርንጎ አየች። አባቷ እንዲህ ሲሆኑ ያየቻቸው እናቷ የሞተች ጊዜ ብቻ ነበር።

«ይኼን ታምኜ...» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቢነድስ ኖሮ?»

«አባዬ፣ አይዞህ። አዲስ ገዝቼ ውስጥ ሰቅያለሁ። አንተን ላለማስከፋት ነው ያልነገርኩህ።»

«እሱ ባይጽፍ ኖሮስ ትገዢ ነበር?»

አባቷ ጋቢያቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ጣሉና ኮሚቴውን ራሳቸው እየመሩ ወደ ውስጥ አስገቡ።

ፍተሻው ረዘም አለ። ወፍራሙ ስፖንዳውን በሙሉ ክብደቱ ተደገፈው፤ አልተነቃነቀም። ቀጭኑ አዲሱን እሳት ማጥፊያ አገላብጦ ቀኑን አነበበ። አቶ ሷሊሕ የጡጦውን አፈላል፣ የሽንት ጨርቁን ቦታ፣ የሁለቱን ሴቶች የጤና ምርመራ አዩ። ትርንጎ ከኋላቸው እየተከተለች የምትተነፍሰው የመረመሩት ነገር ሲታለፍ ብቻ ነበር። በመጨረሻ አቶ ሷሊሕ ወደ በረንዳው ተመለሱ።

«ቤቱ አልፏል» አሉ። ዙልፋ እልል ልትል አፏን ስትከፍት እጃቸውን አነሱ። «አንድ ነገር ቀርቷል። የግቢው ባለቤት በቃላቸው ማረጋገጥ አለባቸው። ቅድም የለም ብለዋል። ጋሽ ገብረሚካኤል፣ ፈቃድዎ ነው?»

ጋሽ ገብረሚካኤል በአጥሩ ላይ አሻግረው አስፋልቱን አዩ። ትርንጎም ዓይናቸውን ተከትላ አየች። ከመንገዱ ማዶ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ በላይ ቆሟል። ኮሚቴውን መንገድ መርቶ አምጥቶ፣ እንደማለው ግቢውን ሳይረግጥ፣ ይህን ሁሉ ሰዓት በዚያ ሐሩር ቆሞ ኖሯል።

«የቱን ነው የምትጠይቁኝ?» አሉ አባቷ። «የቤቱን ነው የልጅቷን?»

«እኛ የተላክነው ለቤቱ ነው። የልጅቷንም ከሆነ ግን፣ ዕድሜው አለን» አሉ አቶ ሷሊሕ።

«የቤቱን ፈቅጃለሁ። ጻፉ፣ በትልቁ።» ጋሽ ገብረሚካኤል ላባቸውን ጠረጉ። «የልጅቷን ግን እኔ አልመልስም። እኔ በረሮ የሚኖርበትን ዕቃ ዘበኛ አድርጌ የተኛሁ ሰው ነኝ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ትርንጎ፣ ያንቺስ ፈቃድ?»

ትርንጎ ያልጠበቀችው ጥያቄ ነበር። ይህን ቤት ከከፈተች ጀምሮ ፈቃድ ያልለመነችበት ደጅ የለም፤ ከከተማው፣ ከጤናው፣ ከገዛ አባቷ። ያንቺስ ብሎ የጠየቃት ሰው ግን እስከዛሬ አልነበረም። ልትናገር ስትል የታቀፈችው ሕፃን በትንሽ እጁ ከንፈሯን ያዛት።

«ተናገሪ እንጂ አንቺ!» አለች ዙልፋ በንዴት እያለቀሰች።

«ፈቃዴ ነው» አለች ትርንጎ።

አቶ ሷሊሕ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። «ኮሚቴው አልሰማም።»

«ፈቃዴ ነው!» ብላ ጮኸች፣ ወደ መንገዱ ዞራ፣ በሙሉ ድምፅዋ። «በላይ! ፈቃዴ ነው!»

በላይ ሰማ። ያ ጥንቃቄ ሥራው የሆነ ሰው ግራ ቀኙን ሳያይ አስፋልቱን ማቋረጥ ጀመረ። የደሴው አውቶቡስ ጡሩንባውን አምባረቀበት፤ እሱ ግን ዞሮም ሳያየው ተሻገረ። በጡሩንባው የተኙት ሕፃናት ሁሉ ነቅተው በአንድ ድምፅ ለቅሷቸውን ለቀቁት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትርንጎ አንዱን አቅፋ ሌላውን ለማባበል ትሮጥ ነበር። አሁን ግን በረንዳው ላይ እንደቆመች፣ ደስታዋን የምታደርግበት ብታጣ፣ ከልጆቹ ጋር አብራ አለቀሰች።